የድንበሩ ማማ

አባቴ ለአጋዘን ማደኛ ማማ የሚሆን ቦታ ሲመርጥ ከነሐሴ እስከ ኅዳር ፈጀ። ይህን ሁሉ ጊዜ ፈጅቶ የመረጠው ደግሞ ከመሬታችን ሁሉ የከፋውን ጥግ ነበር። ዛሬ ጸጉሬ ሸብቶ እንኳ ሳስበው ቆሽቴ ያርራል።

መሬታችን ሰፊ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም ነበር። ሃያ ኤከር ናት፤ በአንዱ ጫፍ ሲያስነጥሱ በሌላው ጫፍ "ይማርህ" የሚባልባት ዓይነት። በሰሜን በኩል የኦክ ዛፍ የበቀለባት ጉብታ አለች፣ መሐሉ በቆሎ ነው፣ በደቡብ ደግሞ የሽቦ አጥር። ከሽቦው ማዶ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ጥድና ከጥዱ ጀርባ ጣሪያው ብቅ ያለው ቤት የአጎቴ የሌስተር ነው። አያቴ በሕይወት ሳለ ሁሉም አንድ መሬት ነበር። እሱ ሲሞት ለሁለቱ ልጆቹ እኩል ተከፈለና ሽቦው ተዘረጋ።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በመላው ዊስኮንሲን ግዛት የአጋዘንን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ማታ ማታ የረገፈውን የኦክ ፍሬ ሊለቅሙ ጉብታዋ ላይ ይወጣሉ፤ ሲነጋ በበቆሎው ዳር አልፈው፣ ሽቦውን ዘለው የሌስተር ጥድ ውስጥ ገብተው ይተኛሉ። አውራዎቹ ቀንዳቸውን ያከኩባቸውን ቀጫጭን ዛፎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። አባቴ ደግሞ "የማማውን ቦታ አብረን ነው የምንመርጠው" ብሎ ቃል ገብቶልኛል። እንግዲህ ቃል ማለት ቃል መስሎኝ ነበር።

"አባዬ፣ እዚች ጋ!" አልኩት ጉብታዋ ላይ አቁሜ። "ይቺን ኦክ እያት፤ ግንዷ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፣ ሰገነቱ እንደ ወንበር ነው የሚቀመጥላት።"

"ጥሩ ናት" አለ።

"ጥሩ ናት ማለት እዚህ ነው ማለት ነው?"

"ጥሩ ናት ማለት ጥሩ ናት ማለት ነው።"

ከዚያ ጉብታውንም በቆሎውንም ጥሎ ቁልቁል ወረደ። ተከተልኩት። ሽቦው ጋ፣ አንዲት የተጣመመች ዛፍ ሥር ሲደርስ ቆመ። ነፋሱን ለማየት ከኪሱ እንደ ጥጥ የሳሳ የአረም ፍሬ አውጥቶ ለቀቀ፤ ጥጡ ሽቦውን ተሻግሮ በቀጥታ ወደ ሌስተር ጥድ ሄደ። አባቴ ግን ጥጡን አላየውም። የሚያየው ከጥዱ በላይ የሚወጣውን የጭስ ማውጫ ጭስ ነበር።

"እዚህ ይሆናል" አለ።

"እዚህ?! ነፋሱ ጠረናችንን ተሸክሞ ወደ መኝታቸው እኮ ነው የሚወስደው!"

"አውቃለሁ።"

"አንዱን ብታቆስለው እንኳ አንድ ጊዜ ዘሎ የአጎቴ መሬት ላይ ነው የሚወድቀው!"

"አውቃለሁ አልኩሽ እኮ፣ ኮኒ።"

ምን እንደፈለገ ወዲያው የገባኝ መሰለኝ። የሌስተርን አጋዘኖች ከደጃፉ ሊነጥቅበት ነው። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ከሆኑ ዓመት አልፏቸዋልና ሌላ ምክንያት አልታየኝም።

የተጣሉት በአያቴ ቀብር ዕለት ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰው ሁሉ የካም ሳንድዊች ይዞ ቆሞ ሳለ፣ አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ታላቅ ወንድሙን "አባታችንን እንደ አሮጌ ዕቃ አውጥተህ ጣልከው" አለው። አያቴ የመጨረሻ ወራቱን ያሳለፈው በአረጋውያን መጦሪያ ነበር፤ ያስገባውም ሌስተር ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሌስተር ሳንድዊቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ ቆቡን አደረገ፣ ሚስቱን ቨርናን በክንዷ ይዞ ወጣ። እኔ በልጅ አእምሮዬ አባቴን ዳኛ፣ ሌስተርን ወንጀለኛ አደረግኳቸው። አያቴን ለሁለት ዓመት አንሥቶ ያጠበው፣ አንሥቶ ያስተኛው፣ በዚያም ወገቡ የተቀጨው ሌስተር መሆኑን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። አባቴ ግን ይህን ያን ዕለትም ያውቅ ነበር። አውቆ ነው የተናገረው፤ ተናግሮም ነው የተቃጠለው።

አንድ እሑድ ወጥ ቤት ውስጥ እናቴ ሳህን እያጠበች ስትናገረው ሰምቻለሁ።

"ሂድና አንኳኳ በቃ፣ ኦርቪል።"

"ምን ብዬ?"

"ወንድሜ ብለህ ነዋ!"

"ያለ ጉዳይ?"

እናቴ ፎጣውን ወረወረችበት። "እናንተ ሰዎች ስትሞቱም ጉዳይ ካላገኛችሁ አትሞቱም!"

በእኛ አካባቢ ሰው የሰውን በር በባዶ ሜዳ አያንኳኳም። ውሻ ጠፍቶበት ያንኳኳል፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተይዞበት ያንኳኳል፣ ላሙ አጥር ጥሳበት ያንኳኳል። "እንዲያው ናፍቀኸኝ ነው" ብሎ የመጣ ሰው ቢኖር ዶክተር ነበር የሚጠራለት። እኔ ግን ያን ዕለት ስለ በር ሲያወሩ የጎተራችንን በር ጥገና መስሎኝ ወደ ጨዋታዬ ሄድኩ።

የአደን ወቅት ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ዓርብ ማታ ሰው ሁሉ የተጠበሰ ዓሣ በሚበላበት መጠጥ ቤት ተሰብስበን ነበር። ሃሮልድ የሚባል ጎረቤታችን፣ የሁሉንም ሰው ነገር የሚያውቅና የራሱን ብቻ የማያውቅ፣ ከእኔ ሳህን የተጠበሰ ድንች እያነሣ ጠረጴዛው ላይ የመሬታችንን ካርታ ሠራ።

"ይኸው ጉብታው፣ ይኸው ሽቦው። አንተ ማማህን ልትሠራ ነው እዚህ፣ ሰናፍጩ ጋ። እስቲ ሙት ኦርቪል፣ ማን ነው እዚህ የሚሠራ?"

"እኔ" አለ አባቴ ቢራውን እየጠጣ።

"ልጅቷ እንኳ ታውቃለች እኮ! አይደለም እንዴ፣ ኮኒ?"

"ነግሬዋለሁ" አልኩ። አፌ በድንች ተሞልቶ ነበር፤ ንዴቴ ግን በደንብ ተሰማ።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለ ሃሮልድ። ጠረጴዛው ሳቀ። "እሺ፣ መታኸው እንበል። ዘለለና ሌስተር ውስጥ ገባ። ሕጉን ታውቃለህ፤ ባለ መሬቱ ሳይፈቅድልህ ጫማህ ሽቦውን አያልፍም። ያን ጊዜ ምን ልትሆን ነው?"

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ያን ጊዜማ ሄጄ አንኳኳለኋ።"

ሳቁ ቆመ። ሃሮልድ ድንቹን አንድ በአንድ እየበላ ካርታውን አጠፋው። እኔ "አንኳኳለሁ" ሲል በቡጢ መሰለኝ። ሊጣላው ቆርጧል አልኩ በልቤ፣ ፈራሁም ኮራሁም።

ማማው ተሠራ። የቆመው የተጣመመችው ዛፍ ላይ ነው፣ መሰላሉ አሮጌ፣ ሰገነቱ ጠባብ። ስንሠራ ሌስተር ከማዶ እንጨት ይፈልጥ ነበር። የመዶሻውን ድምፅ ሲሰማ መጥረቢያውን አቁሞ ብዙ ቆይቶ አየን። አባቴም ምስማር በጥርሱ እንደነከሰ መዶሻውን አቆመ። አንዳቸውም እጃቸውን አላነሡም። ከዚያ ሌስተር ወደ መፍለጡ፣ አባቴ ወደ መምታቱ ተመለሱ።

አደን የሚከፈትበት ቅዳሜ ብርዱ አፍንጫ የሚቆርጥ ነበር፤ ነፋስ የሚባል ግን አልነበረም። ሁለታችንም ብርቱካናማ ሰደርያችንን ደርበን፣ ፔርሙዛችንን መሐላችን አድርገን ተቀመጥን። ብርሃን እየጨመረ ሲሄድ ከጉብታዋ፣ እኔ ካልኳት ኦክ ሥር፣ አንድ አውራ አጋዘን ብቅ አለ። ቀንዱ እንደ ጓሮ ቁጥቋጦ የተንዠረገገ ነው። ብናደድም ደስ አለኝ፤ ብደሰትም ተናደድኩ። እዚያ ብንሆን ኖሮ አጠገባችን ነበር።

"አባዬ!" አልኩ በሹክሹክታ።

"ጠብቂ።"

አጋዘኑ በበቆሎው ዳር ቀስ እያለ መጣ። ጎኑን ሰጠን። አባቴ ጠመንጃውን አነጣጠረ፣ ግን አልተኮሰም። አጋዘኑ እንደገና ተራመደ፣ እንደገና ጎኑን ሰጠን።

"አሁን! አባዬ አሁን!"

"ጠብቂ አልኩሽ።"

ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። አጋዘኑ ሽቦው ሥር ደረሰ፣ ለመዝለል ራሱን ቀና አደረገ፤ ያን ጊዜ ተኮሰ። አጋዘኑ ባለበት ወደቀ። አልተንፈራገጠም፣ አንድ እርምጃ አልሄደም። የዚያን ያህል ንጹሕ ምት ከዚያ በኋላም አላየሁም።

እጄን ወደ ላይ አውጥቼ ልጮህ ስል አባቴን አየሁት። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የሞተውን አጋዘን እያየ "ተነሥ" ይላል። "ተነሥ እንጂ። ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ሂድ።"

አበደ ብዬ ነበር።

ወርዶ አጠገቡ ቆመ። ወደ ቤታችን አየ፣ ወደ ሌስተር ጭስ አየ። ከዚያ በሁለት ጉልበቱ ቅጠሉ ላይ ተንበረከከና ቀንዱን ይዞ አጋዘኑን በሽቦው ሥር ወደ ሌስተር መሬት መግፋት ጀመረ።

"ምን እያደረግክ ነው? የኛ ነው እኮ! እኛ ጋ ነው የወደቀው!"

"ዝም በይ፣ ኮኒ።"

"አባዬ የኛ ነው!"

"ዝም በይ አልኩሽ!"

እየገፋ ያልበዋል። የመጨረሻዋ ኮቴ ስታልፍ ጉልበቱን አራገፈና ሽቦውን ሳይሻገር፣ በመንገዱ ዞረን ወደ ሌስተር ደጅ ሄድን። እንባዬ ፊቴ ላይ ይቀዘቅዝ ነበር። ወንጀለኛ ላልኩት ሰው የኔን አጋዘን በገዛ እጁ ሰጠው፤ ለዚያውም ሰጥቶ ሊለምነው ይሄዳል! ቁጣዬን የማደርስበት አጣሁ።

አንኳኳ። ሌስተር ራሱ ከፈተ፤ የተጠበሰ ሥጋና የቡና ሽታ ተከትሎት ወጣ። ከስቶ ነበር።

"አጋዘን ወደ አንተ ተሻግሮብኛል" አለ አባቴ። "እንድወስደው ፈቃድህን ልጠይቅ ብዬ ነው።"

"ተሻገረ?"

"ተሻገረ።"

ሌስተር የአባቴን ጉልበት አየ። ቅጠልና አፈር ተለጥፎበታል። እኔን አየኝ፤ ዓይኔን ሰበርኩ። አባቴ አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው።

"ሌላ ነገር አለህ?" አለ ሌስተር።

ይህን ጥያቄ ዛሬ ስሰማው ልጮህ ይዳዳኛል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር እኮ! አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀረችው።

"የለም" አለ አባቴ። "ያው... አጋዘኑ ነው።"

"እንግዲያው ውሰደው።"

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ከዓመታት በኋላ ቨርና እንደነገረችኝ፣ ሌስተር አባቴ አጋዘኑን ሲገፋ ከመስኮት ቆሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቶታል። በሩን ከዘጋ በኋላም የእግራችን ድምፅ እስኪጠፋ እጁን ከመያዣው ላይ አላነሣም። "ይናገራል ብዬ ጠበቅኩት" አላት። አባቴም መንገድ ላይ ያለኝ ይህንኑ ነው፤ "ግባ ይለኛል ብዬ ነበር" ብሎ ሲያጉረመርም ሰምቼው፣ ምን ግባ አስፈለገህ፣ አጋዘንህን ተሰጥተህ የለ ወይ ብዬ ነበር በሆዴ።

በዓመቱ፣ አደን ሊቃረብ ሲል፣ ከሽቦው ማዶ የመዶሻ ድምፅ ሰማን። ሌስተር ከጥዱ ዳር፣ ከእኛ ማማ ፊት ለፊት፣ ሌላ ማማ ሠራ።

"ይኸው!" አልኩ። "ጦርነት ከፈተብን!"

ሃሮልድም በመጠጥ ቤቱ እንደዚያው አወራው፣ ወረዳው ሁሉ ሳቀ። ሁለት ወንድማማቾች ሽቦ መሐል አድርገው፣ አንዱ የአንዱን አጋዘን ላለማሳለፍ ፊት ለፊት ይፋጠጣሉ ተባለ። እኔም የምችለውን ያህል ሌስተርን በዓይኔ እገላምጠው ነበር። አጋዘን እንደሆነ ድርሽ አላለም፤ የሁለት ሰው ጠረን ከዚህም ከዚያም እየሸተተው ማን እብድ አጋዘን ይመጣል? ጠመንጃ ለመያዝ ዕድሜዬ ቢደርስም ሕጉ ከአባቴ አጠገብ እንጂ ለብቻዬ እንድቀመጥ አይፈቅድልኝም ነበር። ስለዚህ ጉብታዋን ከሩቅ እያየሁ፣ የክፍል ጓደኞቼ የገደሉትን እየቆጠርኩ፣ እዚያች ጠባብ ሰገነት ላይ በንዴት እንጨረጨር ነበር።

የሚያስገርመኝ የአባቴ ፊት ነው። ባዶ እጃችንን ስንመለስ ያፏጫል። እናቴ "እንዴት ነበር?" ስትለው "ሌስተር አዲስ ቆብ ገዝቷል" ይላታል። ሌላ ቀን ደግሞ "ሌስተር ዛሬ ቀድሞኝ ነው የመጣው።" እናቴ ራሷን እየነቀነቀች ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ጠላቱን እየሰለለ ነው ብዬ አስብ ነበር። ሁለት ሽማግሌ ለመሆን የተቃረቡ ሰዎች አብሮ ለመቀመጥ ከዚያ ሌላ ዘዴ አጥተው መሆኑ እንዴት ይገባኛል? ለአዋቂዎቹ እንኳ ስንቱ ገባው!

በሦስተኛው ዓመት፣ በመክፈቻው ቅዳሜ፣ የማዶው ማማ ባዶ ነበር።

እኔ ደስ አለኝ። "እሰይ! ተሸነፈ!" አልኩ።

ፀሐይ ወጣች፣ ማማው ባዶ ነው። አባቴ አሥር ጊዜ ሰዓቱን ያያል፣ ወደ ጭስ ማውጫው ያያል፤ ጭስ አለ። ያን ሰዓት ከጉብታዋ አንዲት አጋዘን ወርዳ በበቆሎው መሐል ቆመች። ክንዱን ጎሰምኩት። ዞሮም አላያትም።

"ሐሙስ ዕለት እንጨት ሲፈልጥ ያስለው ነበር" አለ ለራሱ። ከዚያ ጥይቱን ከጠመንጃው አወጣ፣ ጠመንጃውን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለ፣ "የአንቺንም አውጪ" አለኝና መሰላሉን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ።

ሽቦው ጋ ሲደርስ ወደ መንገዱ አልዞረም። እግሩን አንሥቶ ተሻገረ፤ ሱሪው ተይዞ ተተረተረ፣ አላየውም። ሌስተር በሌለበት ማማውን ሊያፈርስበት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

"አባዬ ተው! ይከሱናል! አባዬ!" እያልኩ ተከተልኩት።

ማማውን አልፎት ሄደ። ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ጥዱን እየሰነጠቀ ሲገባ የተኙ አጋዘኖች ከግራና ከቀኝ ተፈናጥረው ተነሡ፣ ነጫጭ ጅራታቸውን አቁመው ሸሹ፤ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅናቸው እነሱ ናቸው እኮ! እሱ ግን እየሮጠ ነበር። አባቴን ሮጦ አይቼው አላውቅም።

በጓሮ በር ደረስን። ቨርና ከመንኳኳቱ በፊት ከፈተችው።

"ከትናንት ጀምሮ ተኝቷል" አለች። "ሐኪሙ ሳንባው ነው ይላል።"

ሌስተር መስኮቱ አጠገብ፣ ሶፋ ላይ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነበር። ከዚያ መስኮት ሁለቱም ማማዎች ይታያሉ። አባቴ ምንጣፉ ላይ በጭቃ ጫማው ቆመ፤ እንዲህ ያለ ነገር በቨርና ቤት ተደርጎ አያውቅም።

"ምን ፈልገህ ነው?" አለ ሌስተር። ድምፁ የሻከረ ነበር።

አባቴ አፉን ከፈተ። ጉዳይ ሲፈልግ በዓይኔ አየሁት። ውሻም የለንም፣ ላምም አልጠፋችም፣ አጋዘንም አልመታም።

"ምንም" አለ። "ምንም አልፈለግኩም። ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።" ቆየና ደግሞ፣ "ያኔ ያልኩት ነገር፣ ሌስተር... የምናገረውን አላወቅኩም ነበር አልልም። አውቄ ነው ያልኩት። ውሸት መሆኑንም አውቅ ነበር።"

ሌስተር የጭቃ ጫማውን አየ። ሊያባርረው ነው አልኩ።

"ቤቱ ይሞቃል" አለ። "ኮትህን አውልቅ።"

የአባቴ ጣቶች ከብርዱ ይሁን ከምኑ አልታዘዝ አሉት። የላይኛውን ቁልፍ ይዞ ታገለ፣ አልተፈታለትም። ሌስተር ከተኛበት እጁን ዘረጋና፣ እንደ ሕፃን ልጅ ጎንበስ አድርጎት ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ፈታለት። ከዚያ በኋላ የነበራቸው ጊዜ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ብቻ ነው፤ ሌስተር መጋቢትን አልዘለቀም።

ያን ዕለት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ደፉ ላይ ቆሜ ደሜ ፈልቶ ነበር። ስንት ኅዳር በብርድ የደረቅኩት፣ ስንት አጋዘን ያመለጠኝ፣ ያ ሁሉ ጦርነት ለዚህ ነበር?

"ይኸው ነው?" ብዬ ጮህኩ። "ይኸው ነው በቃ?!"

ሁለቱም ዞረው አላዩኝም። ቨርና እንባዋን በሽርጧ እየጠረገች፣ "በሩን ዝጊው ልጄ" አለችኝ፣ "ብርድ እየገባበት ነው።"